ሄስተር ያልነገረችን

ለምወድሽ እህቴ ለሎዌና፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ በቅዝቃዜው አልባሰብሽም ወይ? እኛ ዘንድ ፀሐይ በሆነ ጊዜ እናንተ ዘንድ ብርድ መሆኑን ይኸው እስከ ዛሬ መልመድ አቅቶኛል፤ ሹራብ ስታጥቢ ይታየኛል እንጂ ስትለብሺ አይታየኝም። ክላይቭን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ፣ ኢዲትና ቶቢ፣ ደህና ናቸው? ያ ሌሊት አንሶላ የሚያስቀይርሽ ላብሽስ ጋብ አለልሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። እማዬ ጠዋት ጠዋት እስከ ወደቡ ግንብ ደርሳ ትመለሳለች። ዴንዚልም የጀልባውን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ብርዱን ጨርሶ ሙቀቱንም ጀምሮታል።

ባለፈው በስልክ “ሉፑን መረጥሽ ወይስ ኪኒኑን?” ብለሽ ስትጠይቂኝ ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞርኩብሽ እማዬ ከጎኔ ተቀምጣ ስለነበር ነው። ሉፕ የሚባለው ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ሲነሣ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። የአንቺም ሐኪም ያንኑ ምርጫ አቅርባልሽ እያመነታሽ ስለሆነ፣ እኔ የደረሰብኝን ሳታነቢ እንዳትወስኚ ብዬ ከሥሩ እጽፍልሻለሁ።

ባለፈው መስከረም ዶክተር ብላክሞር ያዘዘችልኝ ሁለት ነገር ነበር። ከለንደን የመጣችው ወጣቷ ሐኪም ናት። አንደኛው ዳሌ ላይ የሚለጠፍና በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚቀየር ፕላስተር ነው፤ የወር አበባ ሲቋረጥ የሚመጣውን ሙቀትና ላብ የሚያስታግሰው ሆርሞን በቆዳ የሚገባው ከእሱ ነው። ሁለተኛው ማታ ማታ የሚዋጥ ኪኒን። ፕላስተሩ ብቻውን ከሆነ የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን ያወፍራል፣ ኪኒኑ ደግሞ እንዳይወፍር ይጠብቃል ብላ አስረዳችኝ። ሰማሁ። መስማት ግን ልብ ማለት አይደለም።

ፕላስተሩ ሰው አደረገኝ፤ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ምስኪን ባሌን ዴንዚልንም መቆጣት ተውኩ። ኪኒኑ ግን አልተስማማኝም። ጠዋት ስነሣ ራሴ ጭጋግ ውስጥ ነው፤ ሆዴ ይነፋል፤ ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣል። አንድ እሑድ የጀልባ ቡድናችን የቀዘፋ ልምምድ ላይ መቅዘፊያዬ ውሃውን ስቶ ወደ ኋላ ተንጋለልኩና ከኋላዬ የምትቀዝፈው ቬሪቲ ጭን ላይ ወደቅሁ። “ምነው አንቺ፣ ቤትሽ አልጋ የለም እንዴ?” አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ግን አፈርኩ።

የዚያን ዕለት የጀልባው ቤት ውስጥ ልብስ ስንቀይር የኪኒኑ ማሸጊያ ከቦርሳዬ ወደቀ። ያነሣችው ሄስተር ፔንጌሊ ነበረች። አንቺ ሦስተኛው ወንበር ላይ በነበርሽ ጊዜ የቀዘፋውን ምት ለሁላችን ትሰጥ የነበረችው ሄስተር አሁን መሪ ያዥ ናት፤ ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ ትቀመጥና ትእዛዝ ትሰጠናለች።

“ይሄንን ነው የሚያስውጡሽ?” አለችኝ። “እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ፕላስተር ብቻ ነው። አንዲት ኪኒን በአፌ አልዞረችም። እስቲ እዪኝ፣ የታመምኩ እመስላለሁ?”

አትመስልም። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጉንጯ እንደ ፖም ነው። ታውቂያለሽ፣ ውሃ ላይ ከመሪ ያዥ ጋር ክርክር የለም። ግራ ስትል ግራ ነው፤ አቁሙ ስትል መቅዘፊያው በያለበት ይቆማል። ይህን ለሃያ ዓመት ስንለምድ፣ ትእዛዟ ከውሃው ጋር እንደሚያልቅ የነገረን ሰው የለም። በዚያው ሳምንት ኪኒኑን ተውኩት። ለዶክተሯም አልነገርኳት። እንዲያውም እሷን ጠረጠርኳት፤ ለማያስፈልገኝ ነገር መድኃኒት የምታበዛብኝ መሰለኝ።

በሚያዝያ ደም መጣ። ዓመት ከመንፈቅ ያላየሁት ደም። ሁለት ቀን ለማንም ሳልናገር ቆየሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ኪኒኑን እንደተውኩ ስነግራት ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ያለመቆጣቷም አጠራጠረኝ። ጉዳዩ አደገኛ ሊሆንም ላይሆንም ስለሚችል ሆስፒታል ሄጄ በአስቸኳይ እንድመረመር ጻፈችልኝ። ውጤቱ ደህና ከሆነና ኪኒኑ ካልተስማማኝ ግን ሆርሞን ያለው ሉፕ እንዳለ ነገረችኝ፤ እዚያው ማሕፀን ውስጥ ተቀምጦ ሽፋኑን ለአምስት ዓመት ያሳሳል አለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነገርኳት፦ እኔ የማውቃት ሴት ፕላስተር ብቻ ለጥፋ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ ለምን ለእኔ ብቻ?

“እንግዲህ ያቺን ሴት አላውቃትም” አለችኝ። “ፕላስተር ብቻውን የሚሰጠው ግን ማሕፀኗ በቀዶ ጥገና ለወጣላት ሴት ነው።”

ወደ ቤቴ ስመለስ ጥርጣሬዬ ፊቱን አዞረ። ሄስተር ከስድስት ዓመት በፊት ድፍን አንድ ጸደይ ጠፍታብን ነበር። ወገቤን ነው አለችን፤ እህቷ ዘንድ ፕሊመዝ ከረመች። ስትመለስ መቅዘፊያዋን ለኬራ ሰጥታ መሪውን ያዘች። እኛ ሹመት መስሎን የካፒቴን ኮፍያ ገዛንላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀዝፋ አታውቅም። ይህን ሁሉ ስንቆጥረው የት ነበርን?

ሆስፒታሉ ሽፋኑ ወፍሯል አለ፤ ከውስጡ ትንሽ ናሙናም ወሰዱ። ውጤቱን መጠበቅ ነበር የቀረው። ዴንዚል በእነዚያ ሳምንታት አጥሩን ቀባው፣ ከዚያ ሌላ ቀለም አምጥቶ እንደገና ቀባው። እኔ ደግሞ ሄስተርን ብቻዋን የማገኝበትን ጊዜ ጠበቅሁ። አንድ ማክሰኞ የጀልባዋን ሆድ ስትፈገፍግ አገኘኋት። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተዋዝቶ ይጠየቃል?

“ሄስተር፣ ማሕፀን አለሽ?” አልኳት።

መፈግፈጓን አላቆመችም። “ማን ነው ይህን የሚያወራው?”

“ማንም። ደም ፈሶኛል። ናሙና ወስደውብኛል።”

ብሩሹን አስቀመጠች። “ያን ዓመት አወጡት” አለች። “እናንተ ገና እንዳላችሁ ረሳሁት፣ ታምሲን። አንቺ የሌለሽን ነገር ሌላው እንዳለው ትረሺዋለሽ።”

ለምን እንደደበቀችን ጠየቅኋት። ብነግራችሁ ኖሮ ወንበሬን አዝናችሁ ታቆዩልኝ ነበር፣ ማዘን ደግሞ አይቀዝፍም አለችኝ። እኔ ተናድጄባት ነበር የሄድኩት፤ ይህን ስትለኝ ግን ንዴቴን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ለሌላ ለማን እንደመከረች ስጠይቃት፣ ለኬራና ለቬሪቲ አለች። ሁለቱም ኪኒናቸውን ትተዋል።

ሐሙስ ማታ ለልምምድ ወጣን። ከግንቡ አልፈን ወደ ሰፊው ውሃ ስንደርስ ሄስተር “መቅዘፊያ ወደ ላይ” ብላ አዘዘች። ይህ የሠርግና የቀብር ትእዛዝ ነው፤ ስድስታችንም መቅዘፊያችንን አቁመን ያዝን። ጀልባ ላይ ደግሞ ተነሥቶ መሄድ የለም። ማሕፀኗ መውጣቱን ነገረችን። የእሷ መድኃኒት የእሷ ብቻ እንደሆነ፣ ኪኒን የተወች ሁሉ ነገ ጠዋት ሐኪሟን እንድታገኝ አዘዘችን። ልመናም ይቅርታም አልነበረበትም። ከየመቅዘፊያው ውሃ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ቬሪቲ ከኋላዬ፣ “ታዲያ ያን ኮፍያ ለምን አልመለስሽልንም?” አለች። ሄስተር ልትስቅ ስትል አየኋት፤ ግን “ቅዘፉ” ብቻ አለች። ዘንድሮ እንደዚያ ማታ ቀዝፈን አናውቅም።

በጀልባ የተነገረ በጀልባ ይቀራል የሚለው ሕጋችን አሁንም እንዳለ ነው። ለአንቺ ልጽፍልሽ ስል ሄስተርን አስፈቀድኳት። “ሦስተኛው ወንበር አይደለች እንዴ? ጻፊላት” አለችኝ።

ውጤቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ሽፋኑ ከመወፈር በቀር ክፉ ነገር አልተገኘበትም። ኬራና ቬሪቲም ታይተው ደህና ናቸው። ሽፋኑ ግን መሳሳት ስላለበት ኪኒኑን ወይም ሉፑን ሳልመርጥ መቆየት አልችልም።

ጥርጣሬዬን ይዤ ዶክተሯ ፊት ተቀመጥኩ። ሉፕ ሲያስገቡ ክፍያ ያገኛሉ ወይ አልኳት። ክሊኒኩ ያገኛል፣ የእኔን ደሞዝ ግን አይጨምርም አለች። ካልተስማማኝስ አልኳት፤ በፈለጉበት ቀን ይወጣል አለች። ያማል ወይ አልኳት። “አንዳንዷን ብዙም አይሰማትም፣ አንዳንዷን በጣም ያማታል። ማደንዘዣ አለ፤ እርስዎ ምን ዓይነት እንደሆኑ ግን አስቀድሜ ቃል ልገባልዎ አልችልም” አለችኝ። አያምም ብትለኝ ኖሮ ተነሥቼ እሄድ ነበር። እማዬን አንቺ በተወለድሽ ዓመት ሉፕ ሲያስገቡላት እንዲህ ነበር ያሏት፤ ከዚያ ወጥታ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ እኛም የእሷን ፍርሃት ወርሰን ነው ያደግነው።

እኔ ሉፑን መርጫለሁ። ምክንያቱ ኪኒኑ ያደነዝዘኛል፤ በዚያ ላይ አንዴ የተወ ሰው ሁለተኛ እንደማይተው ራሴን አላምነውም። ይህ የእኔ ምክንያት ነው፣ አንቺ ግን እንዳትከተይኝ። አንቺ ሌሊት እንቅልፍ የሌለሽ ሴት ነሽ፤ እኔን ያደነዘዘኝ ኪኒን ለአንቺ እንቅልፍ ይሆንልሽ ይሆናል። የማሕፀን ምርመራም ከወጣትነትሽ ጀምሮ ትጠዪያለሽ። ሐኪምሽን ስለ ራስሽ ገላ ጠይቂያት፣ መልስ ስትሰጥሽም እኔ የእኔዋን እንደጠረጠርኳት አድርገሽ ጠርጥሪያት። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ፕላስተሩን ብቻውን ለጥፈሽ አንድ ሳምንት እንኳ እንዳትቆዪ።

ቀጠሮዬ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ትናንት ለእማዬ ነገርኳት። ዕለቱን ጠየቀችኝና ሰማያዊ ካፖርቷን ከቁም ሣጥን አውጥታ አናፈሰችው።

ለክላይቭ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ማታ ማታ ያለ ኮፍያ እንዳይወጣ። ኢዲትን ሳሚልኝ፤ ለቶቢ አክስትህ ገና መቅዘፊያ አልጣለችም በይው። ዴንዚል ሰላም ብሏችኋል፤ አጥሩ አረንጓዴ ነው፣ ለጊዜው። ቬሪቲና ኬራ ናፍቀውሻል። ሄስተር ሰላም በያት፣ ሦስተኛው ወንበርሽ ላይ የተቀመጠችውም ጎበዝ አይደለችም በያት ብላለች።

እማዬም ሰላም ብላሻለች። ማክሰኞ ከእኔ ጋር ትሄዳለች፤ በር ላይ እቀመጣለሁ፣ ድምፅሽን ከሰማሁ ማንም አያግደኝም ብላኛለች። ይህን ልጨርስ ስል ደግሞ ከትከሻዬ በላይ ቆማ አነበበችውና ይህን ጨምሪበት አለችኝ፦ “ሎዌናም ሉፑን ከመረጠች ማደንዘዣውን አስቀድማ ትጠይቅ። እኔ መጠየቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።”

እህትሽ ታምሲን
ፖርትሄሊን፣ ኮርንዎል
ጁላይ 6 ቀን 2024