የ«ድምፅ በላዎች» ደራሲ የወይዘሮ ደሳንካ ቩሌቲች የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ደሳንካ ቩሌቲች ከአባታቸው ከአቶ ሚሎራድ ፔሺችና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስታና፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1941 በሰርቢያ፣ ቫልዬቮ አጠገብ ተወለዱ። ልጅነታቸው በጦርነት ነው ያለፈው። አውሮፕላን በተሰማ ቁጥር እናታቸው አፋቸውን አፍነው ምድር ቤት ይደብቋቸው ነበር። ስምንተኛ ክፍልን እዚያው አጠናቀቁ።

በ1963 ወደ አውስትራሊያ መጥተው አደላይድ ከተማ ልብስ ሲሰፉ ቆዩ። በኋላም ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ቆፋሪ አቶ ራዶቫን ቩሌቲችን አግብተው ወደ በረሃማዋ ከተማችን ኩበር ፒዲ ገቡ፤ ሙቀቱን ለመሸሽ እንደ ሁላችንም ኮረብታ ፈልፍለው ቤት ሠሩ፤ ሴት ልጃቸውን ሚሊናንም ወለዱ። አቶ ራዶቫን ሲስቁ መንደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ያ ሳቅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

በ1979 የኦፓል ጉድጓድ ተደርምሶባቸው አቶ ራዶቫን ዐረፉ። አክስቴ ወይዘሮ ደሳንካ አላለቀሱም። የስፌት መኪናቸውን ገፋ አድርገው በቦታው የጽሕፈት መኪና አስቀመጡ። በልብ ወለዳቸው ውስጥ ከከዋክብት የመጡት ድምፅ በላዎች ድምፅ የሰሙበትን ዓለም ሁሉ ያጠፋሉ፤ የሰው ልጅም ዋሻ ገብቶ በሹክሹክታ ይኖራል። የሰውን ልጅ የሚጠብቀው የጠፈር መርከብ አዛዥ ካፒቴን ራዶቫን ይባላል፤ ችግሩ ሳቁን መቆጣጠር አለመቻሉ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ገጸ ባሕርይ ከመሆን ያመለጠ የከተማችን ሰው የለም። ጎረቤታቸው አቶ ፓንዴሊስ በሁለተኛው ቅጽ መሞታቸውን አንብበው ደጃፍ ድረስ መጡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን በደልኩሽ? ደግሞ በተቅማጥ!»

«በሦስተኛው አስነሣሃለሁ፤ መጀመሪያ መሰላሌን መልስ» አሏቸው አክስቴ። መሰላሉ ባይመለስም አስነሷቸው።

በ1991 የወጣው ሦስተኛው ቅጽ የሚያበቃው ካፒቴኑ ጠላትን ከምድር ሊያርቅ እየጮኸ ብቻውን ሲበር ነው። አሳታሚው «እሱ ካልሞተ ምድር አትድንም» እያለ ቢወተውትም አክስቴ አንዲት መስመር አልጨመሩም። የካፒቴኑን ሞት ከጻፉት ባላቸው እንደገና እንደሚሞቱባቸው ስለምናውቅ እኛም አልጠየቅናቸውም። እሳቸው ለየሟቹ የስንዴ ንፍሮ ሲቀቅሉ፣ ካፒቴኑ እዚያው ሰማይ ላይ ቀረ።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸውን ታመሙ። ሐኪሙ እንደማይድኑ ሲነግራቸው እኔን የእህታቸውን ልጅ አስጠሩኝ። «ነዪ ጻፊልኝ፤ እጄ እምቢ ብሏል» አሉኝ። በመጨረሻው ምዕራፍ ካፒቴኑ እየሳቀ ጠላት መሐል ይገባል፤ ምድር ትድናለች፤ ሕፃናት ከዋሻ ወጥተው ይጮኻሉ። ነገር ግን መርከቡ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረች ደሳንካ የምትባል ወጥ ሠሪ ብቅ አለች።

«አክስቴ፣ ይህቺ ደግሞ ከየት መጣች?»

«ታዲያ ብቻውን ልስደደው? ዝም ብለሽ ጻፊ!»

ወይዘሮ ደሳንካ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2024 በተወለዱ በ83 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸውን ሚሊናን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እኛን ወዳጅ ዘመዶቻቸውን ትተው ሄደዋል። አቶ ፓንዴሊስ ዛሬ ጠዋት መሰላሉን እያለቀሱ መልሰዋል።

በቀብራቸው ላይ ማንም እንዳያንሾካሹክ አደራ ብለዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን የራዶቫን ሳቅ ከሚሰማበት ያኑርልን።