የአያቴ ካፖርት የቀኝ ኪስ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ዛሬም መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ጎረቤቱን ሁሉ ትጠሪያለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ተቀምጠሽ አንብቢው። ክፉ ወሬ አይደለም፤ ብቻ ተቀመጪ።

በቀደም አንድ ደንበኛ እኔ ወደምሠራበት የልብስ ስፌት ሱቅ የሱፍ ካፖርት እንዲያጥርለት አመጣ። ኮሌታውን ስፈታው ማጠንከሪያ ሆኖ የገባው ከተልባ እግር የተሠራ ጨርቅ ነው። እጄ አላስቻለውም፤ ማንም ሳያዘኝ አውጥቼ በጥጥ ተካሁት። አባትሽ አንቺን፣ አንቺም እኔን ሱፍና የተልባ እግር በአንድ ልብስ አይሰፋም እያላችሁ አይደል ያሳደጋችሁት።

የሱቁን ባለቤት በሌሉበት ጋሽ መቀስ እንላቸዋለን፤ ምላሳቸው ይቆርጣል። ሊጮሁብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። እናቴ አልኳቸው። እሷንስ? አባቷ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። እሳቸው አይሁዳዊ ናቸው፤ ሁለቱን መቀላቀል ኦሪት እንደሚከለክል፣ ልብስ ሰፊው አባታቸውም ኮሌታ እየፈቱ ተልባውን ያወጡ እንደነበር ነገሩኝ። አያትሽም ከእኛው ሳይሆኑ አይቀሩም አሉኝ።

እኔ አልተዋጠልኝም። አባትሽ ስለ ዘመዶቹ ሲጠየቅ ስፒሎቹን አፉ ውስጥ ከትቶ ዝም ይል እንደነበር አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ጋሽ መቀስ ግን ነገር ከያዙ አይለቁም። የጸሎት ቤታቸውን ሽማግሌዎች ሲያጠያይቁ፣ ወንድማቸው በልጅነቱ የጠፋባቸው አንዲት አሮጊት፣ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ እንዳሉ ሰሙና ይዘውኝ ሄዱ።

አሮጊቷ ዓይናቸው አያይም። አያቴ ለራሱ የሰፋውን፣ ስትሸኚኝ የሰጠሽኝን ካፖርት ለብሼ ነበር። ትከሻዬን ዳሰሱ፣ ኮሌታውን ጨመቅ ጨመቅ አደረጉ፣ ከዚያ እጃቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ኪሱን በቀኝ በኩል አገኘው። አባቴ የኪስ ጎን አያውቅም እያልሽ የምትስቂበትን ኪስ። ለካ የአሮጊቷና የአያቴ አባት ግራኝ ነበር፤ የውስጥ ኪስ የሚሰፋው እንደ ሌላው ሰፊ በግራ ሳይሆን በቀኝ ነው፣ አያቴንም እንደዚያው አስተማረው። አሮጊቷ እጃቸውን ከኪሱ ሳያወጡ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ጋሽ መቀስ ጉንፋን ይዞኛል አሉ።

አሮጊቷ እንደነገሩኝ፣ አያቴ የሸሸው ወገኖቹን የሚያሳድዱ ሰዎች አባቱ ቤት ሲደርሱ ነው። ሁሉም ያለቁ መስሎት፣ ለአንቺም ፈርቶ ዝም አለ እንጂ ዘመዶቹን ጠልቶ አይደለም። በሠርግሽ ቀን በአባትሽ ወገን የተቀመጠ ሰው ስላልነበረ የአባዬ ዘመዶች ወገን የለሽ እንዳሉሽ፣ ነገሩም እስካሁን እንደሚቆረቁርሽ አውቃለሁ። ከእንግዲህ ከልብሽ አውጪው። እኔም አንቺን አመሰግናለሁ። ያን የአባትሽን ሱፍና ተልባ የመለየት አመል የሽማግሌ ጣጣ ብለሽ ብትተዪው ኖሮ፣ በገዛ ዘመዴ ደጅ ሳላውቅ አልፍ ነበር።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታላቅ ወንድሜን ከነልጆቹ ሰላም በይልኝ። ታናሽ እህቴም የስፌት መኪናዬን ዘይት ታጠጣው፤ እንደማትነካው ብትምልም አላምናትም።

እስከ ዛሬ በደብዳቤዬ መጨረሻ ሰላም የምልሽ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ግን የአባትሽ እህት አጠገቤ ተቀምጠው፣ ይህንን ጨምሪልኝ ብለውኛል፦ የወንድሜ ልጅ፣ እንደምን ነሽ? አክስትሽ ነኝ።

ልጅሽ

ከአክስትሽ ቤት
ኅዳር 12 ቀን