ጉልበቴ አያዋጣም ተባለ

ጥር 6
ልጄ ጉልበቴን «አያዋጣም» አለው። ሐኪሙ ፊት። እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ ሱሪዬ እስከ ጭኔ ተጠቅልሎ።
ሐኪሙ «ቀዶ ጥገና ቢደረግላቸው ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ» አለ። ልጄ የኢኮኖሚክስ አስተማሪ ነው። አገጩን እያሻሸ አሰበ፣ አሰበና... «በዚህ ዕድሜ አያዋጣም። ገንዘቡ ለጩጬዋ ትምህርት ቤት ቢውል ይሻላል።» ጩጬዋ የልጅ ልጄ ናት።
ገና አልሞትኩም እኮ!

ጥር 7
ያለወቅቱ ዝናብ። አልወጣሁም። ባይዘንብስ መቼ እወጣ ነበር? አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ለስሙ ነው ያለው።

ጥር 9
ልጄ የሚያስተምርበትን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ግንበኛ ሳለሁ ፊደል የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፣ ይሄ ያቅተኛል?
በየገጹ ጉልበት፣ ጉልበት ይላል። እንደኔው ያለ ጉልበት መስሎኝ... ለካስ ስለ ሠራተኛ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ጥር 15
ጨረስኩት። ትምህርትም ሕክምናም ዛሬ ከፍለህ ነገ የምትለቅመው ነው ይላል። የመልቀሚያው ዘመን ከረዘመ ያዋጣል። ካጠረ...
ስህተቱን ፈለግሁ። ደግሜ አነበብኩ። የለውም። ልጁ ልክ ነው። ልክ ሆኖ ነው የበደለኝ። ይሄ ለማን አቤት ይባላል?

ጥር 19
መስኮት ላይ ዋልኩ። ታች ጡረተኞቹ ዳማ ይጫወታሉ። አንዱ ቀና ብሎ «አንተ ሰውዬ! በገመድ እናውርድህ?» አለ። ሳቁ። መስኮቱን ጠረቀምኩት።

ጥር 22
ልጄ ፊቱ በርቶ ገባ።
«አባባ፣ ያዋጣል!»
«ምኑ?»
«ጉልበትዎ! እንደገና አሰላሁት። ከዳኑ ጩጬን ትምህርት ቤት ያመላልሷታል። የሰርቪስ ክፍያ ቀረልን ማለት ነው።»
«እኔ ለራሴ መራመዴስ?»
ግራ ገባው። «እሱ... እንዴት ይሰላል?»
ከልቡ ነው የጠየቀው። አጥንቴ ድረስ የገባው ይሄ ነው።
«እንግዲያው ይቅርብኝ» አልኩ።
ምራቴ ከጓዳ «ኧረ አባባ፣ እልህዎን ይተዉት!» አለች። እልህ አይደለም። ምንድን ነው ታዲያ?

ጥር 25
ሰው ሁሉ ሲወጣ በቂጤ እየተንፏቀቅሁ ወረድኩ። ዳማ ተጫወትኩ። ተሸነፍኩ። ፀሐይዋ ግን...
መውጣቱ አቃተኝ። ልጄ ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ሥር አገኘኝ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።
«ይታዘሉ።»
«ሂድ ወዲያ!»
«ይታዘሉ አልኩ!»
ታዘልኩ። ጉልበቱ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። የሱም ጀምሮታል! ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ሲያለከልክ በጆሮው «ያዋጣል?» አልኩት።
«በፈጠረዎት ዝም ይበሉ!»
አልጋዬ ላይ አስቀምጦኝ «ሰኞ ሐኪም ቤት ይገባሉ» አለ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። አልጠየቅሁም።

ጥር 26
እገባለሁ። ሐኪሙ ፊት የተባለውን ግን ለሱም፣ ለዘመድም፣ ለባዳም አላነሳም። እዚህ ደብተር ላይም ቢሆን። በቃ።