የእናታችን የእትዬ ሴቭ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በሚያዝያ ወር 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሱ የታይፕ ትምህርት ወስደው በ1968 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. የታሪክ መምህር የሆኑትን አባታችንን አግብተው እኔንና ታናሽ ወንድሜን ወለዱ።

ኮምፒውተር መሥሪያ ቤታቸው ሲገባ ባልደረቦቻቸው ማውዙን እንደሚናከስ ነገር ሲሸሹት እሳቸው ቀድመው ለመዱት። በፈቃዳቸው ቀደም ብለው ጡረታ ከወጡ በኋላም ሳሎናችን ውስጥ ዊንዶውስ ማስተማር ጀመሩ። አናጢው ጎረቤታችንና የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት የተማሩት እዚያ ነው። ፋይል ዴስክቶፕ ላይ ሲከመር ካዩ፣ ቤታችሁስ ዕቃውን ሁሉ በር ላይ ነው የምትቆልሉት እያሉ ይቆጡ ነበር። ከወንበሮቹ ጀርባ እየተመላለሱ በየአምስት ደቂቃው ሴቭ አድርጉ ስለሚሉም ተማሪዎቻቸው እትዬ ሴቭ አሏቸው።

በ2005 ዓ.ም. የቤታችን ኮምፒውተር በቫይረስ ተያዘ። አባታችን ስለ አሮጌ የንግድ መንገዶች ዘጠኝ ዓመት የጻፉት መጽሐፍ ያለው እዚያ ውስጥ ነበር። መጽሐፉ ፍላሽ ላይ ተገልብጧል ተብሎ እናታችን ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርገው በውስጡ ያለውን ሁሉ አጠፉት። ፍላሹ ሲከፈት ግን የተገኘው ጥጓ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባት ምልክት ብቻ ነበረች። ሾርትከት ነበረች፤ ፋይሉ ያለበትን ትጠቁማለች እንጂ ፋይሉ ራሱ አይደለችም። ቤቱ ፈርሶ የበሩ ቁጥር ቀረ።

እናታችን ወዲያው፣ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አሉ።

የአባታችን እህት ከዚያ ወዲህ አላናገሯቸውም። ተማሪዎቻቸውም የባሏን መጽሐፍ ያጠፋች ምን ታስተምረናለች እያሉ አንድ በአንድ ቀሩ። እኔም በተናደድኩ ቀን ይህንኑ ፊታቸው ላይ ተናግሬያለሁ። አባታችን አንድም ቀን አልወቀሷቸውም፤ ነገር ግን መጻፍ አቆሙ፤ ገበታ ላይም ቀና ብለው አያዩዋቸውም ነበር። እኛ ቂም መስሎን ነበር።

ባለፈው ዓመት እናታችን በኩላሊት ሕመም ተኝተው ሳለ አባታችን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው እኛ እየሰማን፣ "ፍላሹ ላይ የገለበጥኩት እኔ ነበርኩ። ገለበጥከው ወይ ስትዪኝ አዎ አልኩሽ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለሰው መናገር አፈርኩ" አሉ።

እናታችን ቀስቷን ያዩ ዕለት እንዳወቁ ነገሯቸው። አባታችን፣ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብለው ሲጠይቋቸው፣ "መጽሐፍህ ጠፍቶብሃል። ሰው ፊት መዋረድ ልጨምርብህ? ደግሞስ እኔም ከፍቼ ማየት ነበረብኝ" አሉ።

እናታችን በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ይህ ታሪክ አንድም ቃል ሳይቀነስ በሁላችሁም ፊት እንዲነበብ ያዘዙት አባታችን ናቸው። ራሳቸው ሊያነቡት ፈልገው ነበር፤ ኋላ ግን ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ።

ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፤ ለአባታችንም የሌሊት እንቅልፍ ይስጥልን።