ከፈረሰ በኋላ ስለ ታወቀው ጸሎት ቤታችን

ለኢንሳይክሎፒዲያ አዘጋጅ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም አንድ ገጽ ለመግለጥ ዓመት የሚፈጅባቸው የኮሚቴ አባላትዎ የጣት ጤና እንደምን ሰነበተ? እኛ የመንገዱ ነዋሪዎች፣ ከአቧራው በስተቀር፣ ደኅና ነን።

እኔ ከጎማ ጠጋኙ ጎን ሱቅ ያለኝ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ይህን የምጽፍልዎ የእንኳን ደስ አላችሁ ደብዳቤዎን በጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ነው። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው እያደረች የጠበቀችው፣ በሩ ከማጠሩ የተነሣ ኩራተኛውም ትሑቱም እኩል አጎንብሶ የሚገባበት ጥንታዊው ጸሎት ቤታችን፣ በመጽሐፋችሁ ሊጠቀስ የሚገባው ሆኖ መገኘቱን አብሥረውናል። እልል ማለቱ አያቅተንም ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ደብዳቤዎ የደረሰን ቤቱ ከፈረሰ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሆነ። ቢሆንም ውለታ ቢስ እንዳልባል ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ላኩልን ባለሙያ አመሰግናለሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውም ያምር ነበር። ዝናብ ሲይዘው የጸሎት ቤቱን ግድግዳ ተጠግቶ፣ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ፣ በዚህ አካባቢ ጥንታዊ ሃይማኖታዊ ቅርስ ይገኝ እንደሆነ ጎማ ጠጋኙን ጠየቀው። ጎማ ጠጋኙም እጁን በቡትቶ እየጠረገ፣ ጌታዬ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ የለም፣ እዚህ ያለው የእኛው ጸሎት ቤት ብቻ ነው አለው። ባለሙያዎ አመስግኖ ሄደና ቦታው በነዋሪው ዘንድ እንደማይታወቅ ጻፈ። ወይ ጉድ! ሰውየው የሄደው የግድግዳውን ኖራ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ነው፤ ኮቱን ካላሳጠበው ማስረጃው እስካሁን እርስዎ ቢሮ ሳይኖር አይቀርም።

2ኛ. ስለ ምስክርነት ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። መንደርተኛው ሁሉ ቤቱ ጥንታዊ ነው ብሎ ፈርሞ ሲልክልዎ፣ የሚጸልዩበት ሰዎች ገለልተኛ ስላልሆኑ፣ የማይጸልዩበት ደግሞ ስለማያውቁት የማንኛቸውም ቃል እንደማይያዝ በትሕትና አስረዱን። በዚህ ሚዛን የእርስዎንም መኖር ማረጋገጥ ሊያስቸግረን ነው፤ ባለቤትዎ ገለልተኛ አይደሉም፣ እኔ ደግሞ አላውቅዎትም።

3ኛ. ይህኛውን ምስጋና ከከተማው የግንባታ ቢሮ ጋር ይካፈሉታል። ቢሮው ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ በፈለገው ጊዜ አክስቴ ሄዳ፣ ኧረ እባካችሁ፣ ቤቱ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው ብላ ለመነች። ሹሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ሰጥቷታል። ከዚያም የእርስዎን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ፣ አገላብጦ አገላብጦ፣ ታሪካዊ ቢሆን ኖሮማ እዚህ ውስጥ ባላጣሁት ነበር ብሎ ዘጋው። አክስቴ እንደ ልጅ አለቀሰች። የእርስዎ ኮሚቴ ያን ጊዜ ጉዳዩን በጥሞና በመመርመር ላይ ነበር።

4ኛ. ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ቡልዶዘሩን ነው። ግድግዳው አልፈርስም ብሎ የማሽኑን ጥርስ ሰበረው፤ ማሽኑም መንገዱን ዘግቶ ዋለ፣ መኪናው ተገተረ፣ ጥሩምባው ቀለጠ፣ ጋዜጠኛም መጣ፤ ማምሻውን ሌላ ማሽን መጥቶ ቤቱን ጣለው። በማግስቱ አንዱ ጋዜጣ ስለ ትራፊኩ፣ ሌላው ስለ ማሽኑ ጥርስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ሁለቱም ጽፎ መጨረሻ ላይ ጸሎት ቤቱን በአንድ መስመር አነሣው። እናንተም ወዲያው ሦስት ገለልተኛ ምንጮች መገኘታቸውን አስታውቃችሁ በሙሉ ድምፅ አጸደቃችሁት። ለካስ የጎደለን ቡልዶዘር ኖሯል! ቀደም ብለው ሹክ ቢሉን እኮ እኛው ራሳችን አንዱን ጥግ ገጨት አድርገን ጋዜጠኛ በጠራን ነበር።

እንግዲህ የቀረችኝ አንዲት ልመና ናት። ድንጋዮቹ ገና አልተጫኑም፤ ማቆሚያው ጥግ ተከምረው አሉ። ቢሮው ግን በዚህ ሳምንት መጨረሻ ጠራርጎ ሊያስወስዳቸው ነው። ሹሙ አሁንም የሚያምነው እርስዎን ብቻ ስለሆነ፣ ቤቱ ታሪካዊ መሆኑን የምትገልጽ አጭር ማስታወሻ ቢልኩለት ድንጋዩን የሚነካው የለም፤ ግንበኛው ወንድሜም ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ መልሶ ሊያቆመው እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጧል። አክስቴ አሁን እኔ ሱቅ፣ በጨርቅ ጥቅልሎች መካከል ታድራለች እንጂ ኖርኩ አትልም። እስካሁን ያልኩት ቀልድም አለበት፤ ይህ ግን ቀልድ የለበትም።

ለሚሰጡኝ ፈጣን መልስ፣ ፈጣን ስልም በኮሚቴዎ ሳይሆን በቡልዶዘሩ አካሄድ መሆኑን እያሳሰብኩ፣ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ገለልተኛ ያልሆነችው አክባሪዎ፣
ከጎማ ጠጋኙ ጎን ያለችው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በደብዳቤዎ ግርጌ የጸሎት ቤቱን ፊት ለፊት የሚያሳይ ጥራት ያለው ፎቶግራፍ ጠይቀውናል። አክስቴ ይህን ስትሰማ ፎቶ አንሺ ይመጣል ብላ የክት ቀሚሷን ለብሳ ከጧት ጀምሮ ድንጋዩ አጠገብ ቆማለች፤ ገብተሽ ምሳ ቅመሺ ብላት፣ ሲመጡ ማን ያስረዳቸዋል ትለኛለች። ኮሚቴዎ አንድን ነገር ልብ የሚለው ከወደቀ በኋላ መሆኑን አሁን ተምሬአለሁና፣ እባክዎ፣ ለዚች አንድ ጊዜ ብቻ ደንቡን ያሻሽሉልኝና አክስቴ በእግሯ ቆማ ሳለች ይምጡ።