«ባልሽን ላኪው»

ልጄ ማርሊስ፣ እዚያ ኦሳካ በሰው አገር ክፉ አይንካሽ፤ የወጣሽበት መንገድ ሁሉ ይቅናሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም አልከዳኝም። አክስትሽ ዘንድ የመጣሁበት ሚዙሪ ከሚሺጋናችን ይሞቃል። ቤቷ ሰፊ ነው፤ ወሬዋ ግን ከቤቷ ይሰፋል።

አጋዘን የማድንበት መሬት ፍለጋ ደጅ ለደጅ ስዞር ከረምኩ። እዚህ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንድ ዛፍ ሥር አይቆምም። ሃርላን የሚባለው ጎረቤታችን ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ባልሽን ላኪው፤ ከሱ ጋር እንነጋገራለን» አለኝ።

«ሞቷል። ቢኖርም ተኳሿ እኔ ነኝ!» አልኩት። በሩን ዘጋብኝ።

አክስትሽ «ተይ በቃ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሥጋ ከሱቅ ግዢ» ትለኛለች። እኔ ምን በወጣኝ!

ባለፈው ሳምንት የሃርላን ላሞች የግጦሹ በር ተከፍቶላቸው አስፋልት ላይ ሲንጎራደዱ አገኘኋቸው። ነድቼ አስገባሁና በሩን በቀበቶዬ አሰርኩት። በማግስቱ ቀበቶዬን ይዞ መጣ። «ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ ውስጥ ማደን ትችያለሽ» አለኝ መሬት መሬት እያየ።

ብርድ እንዳይመታሽ፤ ምግብሽንም በሰዓቱ ብዪ። አደራሽን፣ ለማስታወሻ ብለሽ የወሰድሽውን የአባትሽን ብርቱካናማ የአደን ሰደርያ ላኪልኝ፤ ያንን ስሙ ጀርባው ላይ የተጻፈበትን። ሃርላን «ባልሽን ላኪው» ብሎኝ የለ? እንግዲህ ጀርባዬ ላይ ያንብበው!

እናትሽ