ያረጀው እጄ አይደለም

ለታናሽ ወንድሜ ለማሙሽ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እህትህ በጣም ደህና ነኝ፤ «በጣም» የሚለውን ደግመህ አንብበው። ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ከወንበር ስትነሳ «ኧረ እናቴ» እያልክ ነው? እንቅልፍህስ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ አማትህ ሁሉም ደህና ናቸው? ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? ናፍቆታችሁ እንዳለ ነው፤ ተቆጥቼም እናፍቃችኋለሁ። ፖስታውን ስትከፍት ጭንህ ላይ ቀለበት የመሰለ ነገር ዱብ ቢልብህ አትደንግጥ። ምን እንደሆነ በቦታው እነግርሃለሁና መጀመሪያ ደብዳቤውን ጨርስ።

በስልክ ያልከኝን አልረሳሁም። «እታለም፣ ዕድሜሽ ገፍቷል፤ መኪናዋ ትሸጥ፣ አንቺም ቁጭ ብለሽ እረፊ» አልክ። ገዢ እንደተገኘም ጨመርክልኝ። ልመልስልህ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቆረጠ፤ አንተ ቆርጠኸው ከሆነ የእጅህን ይስጥህ። ይኸው እንግዲህ መልሴን በወረቀት ጻፍኩት። መኪናዋ አትሸጥም፤ እኔም ቁጭ አልልም።

ነገሩን የልጄ ባል እንደነገረህ ሳይሆን እንደሆነው ልንገርህ። ያን ቀን ጠዋት የዳቦ ቅርጫቶቹን ጭኜ በልብስ ሰፊው ሱቅ በኩል ዳገቱን ስወጣ ከፊቴ ጋሪ ቆመና እኔም ቆምኩ። መንገዱ ሲለቀቅ ለመነሳት አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ማለቴ ያስገባሁ መሰለኝ። ለካ የገባው የኋላ ማርሽ ነው። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንደርድራ የልብስ ሰፊውን በር ገነጠለችው፤ ዳቦውም መንገዱን ሞላው። ተመስገን፣ ሰው አልተነካም። እኔ ግን መሪውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። በሩን አናጺ አምጥቼ አሠርቼለታለሁ፤ ልብስ ሰፊውም ይቅር ብሎኛል። ይቅር ያላለኝ የገዛ ቤተሰቤ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ ውስጥ ተሰበሰቡብኝ። የልጄ ባል ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተና እጄ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ማርሽ መለየት እንዳቃተኝ፣ አንድ ቀን ሰው እንደምጨርስ ተናገረ። ልጄ አንገቷን ደፍታ ሻይዋ ውስጥ የሟሟ ስኳር ታማስላለች። ሁሉም እጄን ያያሉ። እኔም አየሁት። አልዋሽህም ማሙሽ፣ ለአንድ አፍታ አመንኳቸው። አንተን አዝሎ ያሳደገ፣ ባሌ ሲሞት ዳቦ ቤቱን ከመዘጋት ያተረፈ እጅ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ዳቦውን ማድረስ ካቆምኩ ጥግ ይዤ የሰው እጅ የማይ አሮጊት መሆኔ ነው። ይህን ሳስብ ደሜ ፈላ።

በማግሥቱ የልጄ ባል ሥራ ሲሄድ፣ ከዱቄቱ ክምር ጀርባ የሰቀልኩት ሌላ ቁልፍ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና እሱን ይዤ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ሞተሩን ሳላስነሳ አንደኛ አስገባሁና የማርሹን ዘንግ በአንድ ጣት ነካ አደረግሁት። ማርሽ ገብቶም ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ። ያኔ ነው የገባኝ። ዘንጉ በአንድ ቀን አልላላም፤ እኔም ሳላውቀው አብሬው ለምጄ ኖሬአለሁ። አንደኛን ስፈልግ ክንዴን ወደ ጭኔ እስባለሁ፤ ሦስተኛን ስፈልግ በመዳፌ ወደ ቀኝ አባርራለሁ። የዚያን ቀን ብዙ ስቤ አለፍኩትና የኋላ ማርሽ ውስጥ ገባሁ።

ጋራዡ ያለውን መካኒክ ሰዉ «አባ ቶሎ» ይለዋል፤ ቶሎ የሚባል ነገር ስለማያውቅ ነው። ገና ሳይጎነበስ ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን ማለት ነው፣ በሙሉ ይውረድ አለኝ። አይወርድም አልኩት። ካምቢዮው ቢያልቅ ኖሮ ይንጫጫ እንደነበር፣ የእኔዋ ግን አንድ ቀንም እንዳልጮኸች፣ ስለዚህ ጥፋቱን ከዘንጉ ጀምሮ እንዲፈልግ ነገርኩት። መኪናው የማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የእኔ ነው፣ ከሥሯ የሚተኛው ጀርባ ደግሞ የአንተ ነው፣ በል ግባ ብዬ ምንጣፍ አነጠፍኩለት። እየሳቀ ገባ። ዘንጉ ከካምቢዮው ጋር በሚያያዝባቸው ቦታዎች ሁሉ ቦኮላ የሚሏቸው ትንንሽ ቀለበቶች አሉ፤ ሥራቸው ብረቱን እንዳይወዛወዝ አቅፎ መያዝ ነው። አንዷን አውጥቶ መዳፌ ላይ ጣላት። ድሮ ክብ ነበረች፤ ተበልታ ተበልታ እንቁላል መስላለች። አባ ቶሎ ያን ጊዜ ስለ ካምቢዮው ያለውን ዋጠው።

ለእንዲህ ያለች አሮጊት መኪና አዲስ ቦኮላ ከሱቅ አይገኝም። ብረትና ላስቲክ የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ሄደን ከጠንካራ ላስቲክ በልኳ አስቆረጥን፤ አንድ ብቻ ሳይሆን ከዘንጉ ሥር እስከ ካምቢዮው ያሉት በሙሉ ተቀየሩ። ግራሶ ተቀብቶ፣ ቡሎኑ ጠብቆ ሲያልቅ ገብቼ ማርሹን ሞከርኩ። «ጠቅ» አለ። ሌላ ምንም የለም፣ ጠቅ ብቻ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የልጄን ባል ጠርቼ ና ፈትነኝ አልኩት። አጠገቤ ተቀምጦ ቀበቶውን እስኪያንቀው አጠበቀ። እስከ ዳገቱ ሸጋ ሄድን። ልክ ልብስ ሰፊው ጋ ስንደርስ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ልቀይር ብዬ፣ እንደ ልማዴ ዘንጉን በመዳፌ ወደ ቀኝ አባረርኩት። ዘንጉ ግን የድሮው አይደለም፤ ታዘዘኝና ሦስተኛን አልፎ አምስተኛ ገባ። መኪናዋ ተንፈራግጣ ሞተሯ ጠፋ። የልጄ ባል ጣሪያውን እያየ «ይኸው!» አለ። ልብስ ሰፊው ደግሞ ከስፌት መኪናው ፊት ተነስቶ አዲሱን በሩን ደግፎ ቆመ።

አፈርኩ? አፍሬአለሁ። ግን አልወረድኩም። የእጅ ፍሬኑን ስቤ እጄን አየሁት። እናንተ ሁሉ ደከመ ያላችሁት እጅ የመኪናዋን በሽታ ተሸክሞ ዳቦ ሲያደርስ የኖረ እጅ ነው፤ የተሳሳተውም ሸክሙ ድንገት ስለወረደለት ነው። ይህን ለልጄ ባል ጮክ ብዬ ነገርኩት። ከፍቶኝ ስለነበር እንባዬም መጣ፤ ይምጣ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛ። ሦስተኛን በሁለት ጣት ብቻ ገፋ አደረግሁት፣ ገባ። ዳገቱን ጨረስነው። የልጄ ባል እላይ ስንደርስ ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠ። አሁን ሁለቱም ቁልፎች በክር አንገቴ ላይ ናቸው።

እንግዲህ ጭንህ ላይ የወደቀችውን አንሳት። ትንሿን ጣትህን አስገባና ወዝወዝ አድርግ። እርጅናዬ ብላችሁ የተሰበሰባችሁባት እሷ ናት። ለገዢህም መኪናዋ ባለቤት እንዳላት ንገረው፤ ከፈለገ እሷን ቦኮላ ይግዛት።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ቀለበቷን ለእሷ የላክሁ እንዳይመስላት፣ ትታዘበኛለች። ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ፤ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እሰይ በላት። ታናሿን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ። ለአማትህ እንደምን ሰነበቱ በልልኝ፤ ቁጭ ብለሽ እረፊ የሚላቸው ካለ ጆሮ እንዳይሰጡት። የልጄ ባልም ሰላም ብሎሃል፣ ቀና ብሎ ባይሆንም።

አንተ ስትመጣ የምቀበልህ እኔ ነኝ፤ በዚያችው መኪና። ሻንጣህ ከዳቦ ቅርጫቶቹ ጋር ከኋላ ይሆናል፣ አንተ ከጎኔ ትቀመጣለህ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ መንገዱን አትይ፤ እጄን እይ።

እህትህ
ከዳቦ ቤቱ፣ ከዳገቱ ሥር
ሰኞ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን